የመስኮት ክፈፍና የቤት ፊት በመካነ ሰላምና በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ

ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ፣ በአቃስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ወደ መካነ ሰላም ሲቃረብ አስቀድሞ የሚታየው የቆርቆሮው ክዳን ነው። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቤቶቹን አንድ ባንድ በተመለከተ ጊዜ ግን ዐይኑ የሚያርፈው በመስኮቶቹ ዙሪያ ባለው መሥመር ላይ ነው። ግድግዳው ከጭቃ ወይም ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት የተሠራ ቢሆን፣ የመስኮቱ ዙሪያ አንዳንዱ በሳንቃ ተከፍፎ፣ አንዳንዱ በሲሚንቶ ከግድግዳው ከፍ ብሎ፣ አንዳንዱም በቀለም ብቻ ተከቦ ይገኛል። ቤቱን በመንገደኛ ፊት ለማሳመር የፈለገና ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ መሥመር ነው።

ስለ አገራችን ቤት አሠራር የሚጽፉ ሰዎች ይህን መሥመር ከከተማ የመጣ ጌጥ ነው ብለው ያልፉታል። አስተያየቱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። በደጋው አገር የመስኮት ክፈፍ አስቀድሞ የውኃ መከላከያ ነው፤ ጌጥነቱም ከዚህ ሥራው የተነሣ ነው። ይህ ተዘንግቶ መልኩ ብቻ በተመረጠ ጊዜ ቤቱ ለአንድ ወይም ለሁለት ክረምት አምሮ ይታይና ከመስኮቱ ማእዘን ጀምሮ መፍረስ ይጀምራል። ከዚህ በታች የሚነገረው ይህ የሚሆንበት ምክንያትና በምርጫ ጊዜ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የበር ክፍሎች በአማርኛ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። በቀኝና በግራ የሚቆሙት መቃን፣ በላይ የሚጋደመው ጉበን፣ በታች የሚረገጠው ደፍ ይባላሉ። በኦሪት ዘጸአት የፋሲካው በግ ደም የተቀባው በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ላይ መሆኑን የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። መስኮት ግን ለክፍሎቹ የራሱ የሆነ ስም ስለሌለው ከበር ይዋሳል፤ አናጢው የመስኮት መቃን፣ የመስኮት ደፍ ይላል። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለውን መጋጠሚያ ከውጭ በኩል የሚሸፍነውን ዙሪያ በዚህ ጽሑፍ ክፈፍ እንለዋለን። ክፈፍ የማናቸውም ነገር ዳርቻ ነው፤ በዚያው በኦሪት ዘጸአት የኅብስቱ ገበታ ዙሪያውን አንድ ጋት የሚያህል ክፈፍ አለው። ደግሞም ክፈፍ ማለት ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣው የቤት ክዳን ዳር ነው። አንዱ ቃል ለሁለቱ መሆኑ ለነገራችን እጅግ ይስማማል፤ ኋላ እንደምናየው የመስኮቱ ክፈፍ የክዳኑን ክፈፍ ሥራ የወረሰ ነውና።

የደጋው የቀድሞ ቤት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሲሆን መስኮት የለውም፤ ካለውም ከአንድ ቀዳዳ የማይበልጥ ነው። ይህ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለ ነው፤ ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ማለት ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሆነው አገር ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ከ3000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ብርድ አገር ቀዳዳ መክፈት ሙቀትን ማስወጣት ነው። የእሳቱም ጢስ በሣሩ ክዳን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሣሩ ከግድግዳው ርቆ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ጠፈጠፉ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወርድ ጭቃው ከዝናብ ይድናል፤ በሩም ከክፈፉ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ለዚህ ቤት የበሩ ጉበንና መቃን ይበቁታል፤ ሌላ መሸፈኛ አያስፈልገውም።

ይህን ሥርዓት የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ. ም. ወደ አገራችን ገብቶ ኋላ በደጋው ሁሉ ተስፋፋ። ቀጥ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ባለ አራት ማእዘን ቤት ለመሥራት አመቸ። ቆርቆሮውም ለአራት ማእዘን ቤት እንጂ ለክብ ቤት አይስማማም። ቤቱ አራት ማእዘን በሆነ ጊዜ ክፍል በክፍል ተከፈለ፤ ከበሩ የራቀው ክፍልም ብርሃን ስለሚያጣ መስኮት የግድ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቆርቆሮ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ ባለቤቱ ይቆጥበዋል፤ ሣር እንደ ልብ እንደሚወጣ ቆርቆሮ ወደ ውጭ ረዝሞ አይወጣም። በረዘመም ጊዜ የደጋው ነፋስ ገብቶ ይነቅለዋል። በሁለቱ ጠባብ ጎኖች በኩል፣ ክዳኑ ሾጥጦ በሚቆምበት ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ክፈፍ ብሎ ነገር እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ መስኮት የተከፈተው የክዳኑ ክፈፍ ባጠረበት በዚያው ጊዜ ነው። ግድግዳው በዝናብ ፊት ራቁቱን በቆመበት ሰዓት መካከሉ ተቀደደ ማለት ነው።

በቅዳጁ ዳር የሚሆነውን ነገር በዝርዝር መመልከት ይገባል። የጭቃ ግድግዳ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በማገሩ ላይ የተመረገ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንጨት ደግሞ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሁለቱ በአንድነት ስለማይንቀሳቀሱ በመቃኑና በምርጊቱ መካከል ስንጥቅ ይፈጠራል። ስንጥቁ በመጀመሪያ ጥፍር የማያስገባ ነው፤ ውኃን ግን ያስገባል። በሐምሌና በነሐሴ ነፋስ የሚነዳው ዝናብ ግድግዳውን መትቶ ሲወርድ ጉበኑ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ የሚመልሰው ነገር ካላገኘ ወደ ስንጥቁ ይገባል። በመስኮቱ ላይ የወረደውም በደፉ ላይ ይጠራቀማል። ደፉ ወደ ውጭ ያላዘነበለ እንደ ሆነ ውኃው ወደ ሁለቱ የታች ማእዘኖች ሄዶ ወደ ጭቃው ይሰርጋል። ከመስኮቱ በታች በግራና በቀኝ እንደ እንባ ተጋድሞ የሚወርደው ጥቁር ምልክት ከዚህ የመጣ ነው። ምርጊቱ ካበጠ በኋላ ይረግፋል፤ ቀጥሎ ማገሩ ይበሰብሳል።

ይህ መጋጠሚያ ሌላም ነገር አለበት። እንጨቱን የሚያቆመው አናጢ ወንድ ነው፤ የምርጊቱና የልቅለቃው ሥራ ደግሞ በደጋው አገር በብዛት በሴቶች እጅ ነው። በእበትና በጭድ የመጨረሻውን ልቅለቃ የሚያለሰልሱ፣ በዓል ሲደርስ ግድግዳውን በነጭ ወይም በቀይ አፈር የሚያድሱ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ስንጥቁ የሚፈጠረው በሁለት ዕቃዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በሁለት ባለሙያዎችም መካከል ነው። አናጢው መስኮቱን አቁሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ስንጥቁን እየደፈነች የምትኖረው ሴቲቱ ናት። የክፈፍ ምርጫ ሲነገር የእርሷ ዕውቀት አለመጠየቁ በብዙ ጽሑፍ የሚታይ ጉድለት ነው፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የቀዳዳን ዳር በልዩ ሥራ መያዝ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአክሱም ዘመን አሠራር በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ መካከል እንጨት እየተጋደመ ይገባ ነበር፤ በሮቹና መስኮቶቹም እርስ በርሱ በተሰካ ወፍራም እንጨት ተከበው፣ በአራቱ ማእዘን ካሬ ጉጦች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው፣ በ1997 ዓ. ም. ተመልሶ በ2000 ዓ. ም. እንደ ገና የቆመው 24 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልት ይህንኑ አሠራር በድንጋይ ላይ ቀርጾ ያሳያል። በሕይወት ያለውን እንጨት ለማየት የፈለገ ሰው ደብረ ዳሞን፣ ወይም በላስታ በዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ይመልከት፤ በኋለኛው ጥቁሩ እንጨትና በኖራ የነጣው ድንጋይ ተራ በተራ ተደርድረዋል። በእነዚህ ቤቶች የመስኮቱ ክፈፍ ግድግዳውን የሚያስር ጅማት ነበረ እንጂ በላዩ የተለጠፈ ጌጥ አልነበረም።

በላሊበላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የቤተ ጊዮርጊስ ታችኛው ተራ 9 ድፍን መስኮቶች አሉት፤ እነርሱም በማእዘናቸው የእንጨቱን ጉጥ ይዘው ከዐለት የተቀረጹ ናቸው። በላይኛው ተራ ያሉት 12ቱ ደግሞ በአናታቸው ሾጥጠው በሐረግ ያጌጡ ናቸው። ዐለት ማሰሪያ እንጨት አያስፈልገውም፤ ቢሆንም ጠራቢዎቹ የእንጨቱን መልክ ጠበቁ። ዛሬ በብሎኬት ቤት ላይ በቀለም የሚሣለው ክፈፍ የሚመስለው ይህን ነው፤ ሥራው ቀርቶ መልኩ ቆየ። በዚህ ላይ ማንም ሊያፌዝ አይገባውም፤ ሰው መስኮትን ያለ ዳርቻ ማየት ስለማይወድ ነው። ልዩነቱ ዐለት በአንድ ክረምት አይረግፍም፣ ጭቃ ግን ይረግፋል። ይህን ስንል በላሊበላና በመካነ ሰላም መስኮት መካከል የተያያዘ የትውልድ ሐረግ አለ ማለታችን አይደለም። የጎንደርም ግንብ ሠሪዎች በ17ኛው መቶ ዓመት በጥቁሩ ድንጋይ መካከል የመስኮቱን ቅስት በቀላ ያለ ድንጋይ ለይተው ሠርተዋል፤ እዚያ ቀለሙ ከድንጋዩ ከራሱ የመጣ ነው።

አሁን በከተሞች የሚታየው በመጋዝ የተቀረደደ የእንጨት ጌጥ ግን የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ከዐድዋ ድል በፊትና በኋላ በዋና ከተማው ሥራ የያዙ የህንድና የአርመን አናጢዎችና ግንበኞች በየመኳንንቱ ቤት ሰገነትና መስኮት ላይ እንደ ጥልፍ የተቀረጸ ሳንቃ አደረጉ። ነገር ግን እነዚያ ቤቶች ሰፊ በረንዳ አላቸው፤ መስኮቱ ከበረንዳው ጥላ ሥር ስለሚውል ጌጡ ዝናብ አያገኘውም። ያው ጌጥ በረንዳ ወደሌለው የጭቃ ቤት በተሸጋገረ ጊዜ ቀዳዳ ቀዳዳው ውኃ እየያዘ ይበሰብሳል። መልክ ያለ ጥላው ሲጓዝ እንዲህ ይሆናል፤ የጌጥ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጌጡ ብዙ ሲናገሩ ስለ በረንዳው ዝም ማለታቸው ያስገርማል።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ለጭቃ ቤት ከሁሉ የሚሻለው አሁንም የሳንቃ ክፈፍ ነው። ጎኖቹ አንድ ጋት ያህል ቢሰፉ ስንጥቁን ሸፍነው በሁለቱም ወገን በቂ ይዞታ ያገኛሉ። ከዚያ የጠበበ ክፈፍ ስንጥቁ ሲሰፋ ይገለጣል፤ እጅግ የሰፋ ደግሞ ፀሐይ መትቶት ይቆለመማል። የላዩ ሳንቃ ከጎኖቹ በላይ ተጋድሞ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጫፎቹም ከጎኖቹ አልፈው ይሂዱ። ብዙ አናጢዎች አራቱን ሳንቃዎች በማእዘኑ ላይ በሰያፍ ቆርጠው እንደ ሥዕል መስታወት ያጋጥሟቸዋል። ለዐይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሰያፉ ሲደርቅ ይከፈትና ውኃን በቀጥታ ወደ ማእዘኑ ይመራል። የበሩ ጉበን በመቃኖቹ ላይ ተጋድሞ እንደሚያርፍ ማድረግ የቀድሞው ሥርዓት ነው፤ የሚበልጠውም እርሱ ነው።

ደፉ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ውጭ አዘንብሎ ከግድግዳው ሦስት ጣት ያህል መውጣት አለበት። ከሥሩም፣ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ቀጭን ቦይ ይፈልፈልለት። የውኃ ጠብታ ከሳንቃው ሥር ተለጥፎ ወደ ግድግዳው የመመለስ ልማድ አለውና ቦዩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ተቋርጦ ይወድቃል። ይህ ቦይ ከመንገድ አይታይም፤ ለቤቱ ፊት ማማር ግን ከቀለሙ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ የሚኖረው በእርሱ ነውና። ጠፍጣፋ ድንጋይ በሚገኝበት አገር ደፉን ከድንጋይ ማድረግ ከእንጨት ይሻላል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት፦ ጽድ ብስባሴንና ምስጥን ስለሚቋቋም የቀደሙት ሰዎች መርጠውት ነበር፤ ዛሬ ግን የጽድ ሳንቃ ብርቅ ነው። ከቆላው ወገን የሚመጣው ዋንዛ ለመጋዝና ለመላጊያ የተመቸ ነው። አስታ በከፍተኛው ደጋ ቢበዛም ለማገር እንጂ ለሳንቃ አይሆንም። ስለዚህ የሚቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ተሰንጥቆ ወዲያው በተመታ ጊዜ ይጠማዘዛል፣ ሚስማሩንም ይዞ ይነሣል። በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ጭራሮ እየገባ ተደርድሮ ለጥቂት ወራት ቢደርቅ ግን ያገለግላል። ክፈፉም መመታት ያለበት በሥራው መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሁለተኛው ከተለቀለቀ በኋላ። በወሎ የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ሊደርስ ስለሚችል ከመከር በኋላ የተጀመረ ቤት ጊዜው ጠባብ ነው፤ የመቸኮሉም ምክንያት ይኸው ነው።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ከሲሚንቶ ክፈፍ ማውጣት በብዙ ቦታ ተለምዷል። በእኛ አስተያየት ከምርጫዎቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ ጭቃው ሲሰበሰብና ሲያብጥ አብሮት አይንቀሳቀስም። በተሰነጠቀም ጊዜ የገባውን ውኃ ተንፍሶ አያወጣም። ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከጀርባው ጭቃው ይረጥባል፤ አንድ ቀን ክፈፉ የግድግዳውን ጭቃ ይዞ ይወድቃል። ሳንቃ መግዛት ላልቻለ ሰው ከዚህ ይልቅ ዙሪያውን በጭድና በእበት በደንብ በተቦካ ጭቃ ወፈር አድርጎ መርጎ በነጭ አፈር ወይም በኖራ ማንጣት ይሻላል። በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ ይህም እንደ ድካም ይቆጠር እንጂ፣ የበዓል እድሳት ባለበት አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። በድንጋይና በብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን የሲሚንቶው ክፈፍ ነቀፋ የለበትም። የብረት መስኮት በገባበት ቤት ክፈፉ ከሞላ ጎደል የመልክ ነገር ብቻ ሆኗል፤ ደፉ ብቻ የቀድሞ ሥራውን ይሠራል።

ስለ ቀለም ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። በጨለማ ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ ክፈፍ ትንሹን መስኮት ትልቅ ያስመስለዋል። በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለውን ምርጫ በሃይማኖት ለመተርጐም የሚፈልግ ተማሪ ግን ይጠንቀቅ። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ የሚኖር ነው፤ ቀለሙም የሚገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። ሱቁ የጨረሰውን ቀለም ማንም አይቀባም። የቤቱ ባለቤትነትም ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ነገር ይናገራል፤ በ1967 ዓ. ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤት ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ ከዞረ ወዲህ፣ የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ሳንቃ የሚመታ ተከራይ ጥቂት ነው።

ይህን ነገር ለማጥናት ወደ ቦረና፣ ወደ ሳይንት ወይም ወደ ከላላ የሚሄድ ተማሪ መስኮቱን ከፊት ለፊት ብቻ ፎቶግራፍ እንዳያነሣ እንመክራለን። ከፊት የተነሣ ሥዕል ቀለሙንና ቅርጹን ያሳያል፤ ደፉ ምን ያህል እንደ ወጣና ወዴት እንዳዘነበለ የሚታየው ግን ከጎን ነው። ክዳኑ ከግድግዳው ስንት ጣት እንደ ወጣም በዚያው ወረቀት ላይ ይለካና ይጻፍ፤ ያለዚህ ልክ የመስኮቱ ክፈፍ ትርጉም የለውም። ግድግዳውን ያለቀለቀችው ማን እንደ ሆነች ይጠየቅ። የሚቻል ከሆነም በመስከረም መጀመሪያ፣ ለበዓል አዲስ ልቅለቃ ሳይደረግ በፊት ይድረስ፤ ከታች ማእዘኖቹ የሚወርደው ምልክት ገና አልተሸፈነምና።